የፍልሰታ ዝንቦች

ዝንቦቹ ቤታችን የገቡት በፍልሰታ ጾም ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ለምን እንዳስገረመኝ እንድትረዱልኝ ነው። ቤት ውስጥ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። የምንበላው ሽሮና ጎመን ነው። ዝንብ ይቅርና የጎረቤት ድመት እንኳ ተስፋ ቆርጣ ከደጃችን ጠፍታለች። እነሱ ግን መጡ። አንድ ቀን ጠዋት የሳሎኑን መጋረጃ ስገልጥ መስኮቱ ጠቁሮ አገኘሁት። የቆሸሸ መስሎኝ በጨርቅ ልወለውለው እጄን ስሰነዝር ቆሻሻው ተነስቶ በረረ።

ስለ ዝንብ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከአዲስ አበባ ተመድቤ መጥቼ፣ እዚሁ አገር አግብቼ፣ እዚሁ ቀርቻለሁ። የዝንብን የሕይወት ዑደት ሠሌዳ ላይ ስስለው ተማሪዎቼ ያደንቁልኛል፤ እንቁላሉንም እጩንም አሳምሬ ነው የምሠራው። ሠሌዳ ላይ ያለ ዝንብ ግን ወጥ ውስጥ አይገባም፣ ሰው ሲያዛጋም አይጠብቅም። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ቀኑን ሙሉ ከነሱ ጋር ነበርኩ።

አማቴ ቤት ውስጥ ባይኖሩ ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ይጁቤ አጠገብ ያለው ቤታቸው ለትልቁ ልጃቸውና ለሚስቱ ሆነ። እሳቸውን ባለቤቴ ክረምቱ ሲገባ እኛ ዘንድ አመጣቸው። አንዲት የእንጨት ሳጥንና አንዲት ንግግር ይዘው ነበር የመጡት። ንግግሯም፣ “ክረምቱ እስኪወጣ ነው ልጀ፣ ለመስቀል አገሬ እገባለሁ” የምትል ናት። ጠዋት ሲነሱ ይሏታል፣ ማታ ሲተኙ ይሏታል፣ መሀል ላይ ከረሷት ደግሞ ዞር ብለው መጥተው ይሏታል።

እኔ እንዲሄዱብኝ አልፈለግሁም። እናቴን ያጣሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ከገበያ ስመለስ በር ላይ ቆሞ “ምነው ዘገየሽ” የሚለኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እሳቸው ይሉኛል። አንዳንዴ እንዲሉኝ ብዬ ሆን ብዬ እዘገያለሁ። ችግሩ ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ መኖራቸው ነው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጫፉ ላይ ነው፤ አሁን ተነስተው የሚሄዱ ይመስላሉ። ውኃ ሲጠማቸው “ውኃ ልጠጣ?” ብለው ያስፈቅዳሉ። “እማማ፣ የራስዎ ቤት እኮ ነው” ስላቸው፣ “እንዴታ፣ እንዴታ” ይሉና እንደገና ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማድ ቤቱ ጎን ያለችውን የዕቃ ቤት ቁልፍ። “ለዕቃየ” አሉ። ያላቸው ዕቃ ያችው ሳጥን ብቻ መሆኗን ባውቅም ደስ ብሎኝ ሰጠኋቸው። እንዲያውም ከሳቸው በቀር ማንም እንደማይገባባት ቃል ገባሁላቸው። የኔ የሚሉት ጥግ ካገኙ ይቀመጡልኛል ብዬ ነው። ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

ቤቴ በዝንብ የተሞላው እንግዲህ እሳቸው ዓይን ሥር ነው። አንድ አማት ስለ ምራቷ ሙያ ለመፍረድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አትፈልግም። ሳሎኑን በበረኪና አጠብኩ። ሴራሚኩ እስኪነጣ ፈተግኩት። ድስቱን ሁሉ ከደንኩ፣ ክዳኑንም በጨርቅ ሸፈንኩ። ፍሊት ነፋሁ፤ እኔ አስነጠሰኝ፣ ዝንቦቹ ለጊዜው ወደ መኝታ ቤት ዞሩ። ሰው ይጠቅማል ብሎ ነግሮኝ ላስቲክ በውኃ ሞልቼ በር ላይ አንጠለጠልኩ። ዝንቦቹ በላስቲኩ በግራና በቀኝ እየገቡ ቤተኛ ሆኑ።

ባለቤቴ ደግሞ የተማረ ሰው መፍትሔ አመጣ። ግብርና መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከቁይ እስከ ጉንደ ወይን እየዞረ ገበሬውን ስለ ዘመናዊ የእህል ማከማቻ ያሠለጥናል። “ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ” ብሎ ሎሚ ለሁለት ቆርጦ፣ ቅርንፉድ ሰክቶበት ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠው። ሽታውን ዝንብ አይወድም አለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ዝንብ መጥቶ ሎሚው ላይ አረፈና እጁን ማሸት ጀመረ።

“ይሄኛው አላነበበም ማለት ነው” አልኩት።

አማቴ በዚህ ሁሉ መሀል ከሳጥናቸው የሟች ባላቸውን ጭራ አውጥተው፣ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዝንብ ያባርራሉ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። “ምንም አይደል ልጀ፣ ዝንብ የትም አለ” ይሉኛል። “የማርቆስ ዝንብ ደፋር ነው እንጂ፣ አንችማ ምን አጠፋሽ” ይሉኛል። ደግነታቸው ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። አማት እንዲህ በትሕትና ስታጽናና፣ በልቧ አገር ምድሩን ጠርታ እያማችሽ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ በመስኮቱ አየኋቸው። ከወገባቸው መቀነታቸውን ፈትተው የዕቃ ቤቷ በር ላይ ቆመዋል። አንዱን ጫፍ ከግራው መቃን አስጠጉ፣ ሌላውን እስከ ቀኙ ዘረጉት፣ ልኩ ላይ በጣታቸው ቆንጥጠው ያዙት። ከዚያ በሩን ከፍተው ገቡና ከውስጥ ዘጉት። ሳጥናቸው በበሩ ይወጣ እንደሆነ እየለኩ ነው አልኩ። መስቀል ድረስ እንኳ አልቆዩልኝም፤ በዝንብ ምክንያት ሊሄዱ ነው።

አሁን የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ የሰው ጥፋት መፈለግ ጀመርኩ። ደግሞም ሩቅ አልሄድኩም። ጎረቤታችን የወተት ላሞች ታረባለች፤ ሰሞኑን ደግሞ ግቢያችን እበት እበት ይሸታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የምናገረውን መንገድ ላይ ስለማመድ ሄድኩ። መጀመሪያ የልጆቿን ደኅንነት እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ አነሳለሁ፣ ከዚያ በቀስታ ወደ በረቱ እዞራለሁ። ዝናቡ ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ አለቀ።

“እንደው ይሄ እበት ትንሽ ራቅ ብሎ ቢጣል…” አልኳት።

“የቱ እበት?” አለችና እጄን ይዛ ወደ በረቱ ወሰደችኝ። “ነይ እይው! በረቴ እንዲህ ጸድቶ ያውቃል? ተላሞቹ በቀር ምን አለ?”

እውነቷን ነው። ከኔ ሳሎን ይሻል ነበር፤ ዝንቡም ያንሳል።

“አማትሽ ይባረኩ” አለች። “ጎሕ ሲቀድ በባልዲ እየዛቁ ይወስዱልኛል። በዚህ ዝናብ ኩበት እንደማይደርቅ አውቃለሁ፤ ምን ሊያደርጉት ነው ብየ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ። በኋላ ግን፣ ምራታቸው ሳይንስ አስተማሪ ናት፣ ለሙከራ ይሆናል ብየ ዝም አልሁ። ቁም ነገር ወጣው?”

“እየወጣው ነው” ብዬ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከቢሮ ገብቶ ነበር። የሰማሁትን ነገርኩትና ሁለታችንም የዕቃ ቤቷ በር ላይ ቆምን። ከጣራው ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ዝንቦች እንደ ንብ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከነመቀነቱ ቅዳሴ ሄዷል። መስበር አልቻልንም፤ ቃል ገብቻለሁ። ጠበቅናቸው።

ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በጭቃው መሀል ደረቅ ደረቁን እየመረጡ መጡ። ሁለታችንን በሩ ላይ ሲያዩ ቆም አሉ።

“እማማ” አልኳቸው፣ “ይክፈቱልን።”

ቋጠሮውን ፈቱና ቁልፉን ሰጡኝ።

በሩ ሲከፈት የወጣው የዝንብ መዓት ፊቴን መታኝ። ሲበተን ነው ውስጡን ያየሁት። ድንጋይ ላይ የቆመ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እስከ ደረቴ የደረሰ ጎታ ነው። የጤፍ እህል የሚቀመጥበት፣ ከጭቃና ከእበት ከጭድ ጋር ተቦክቶ በእጅ የሚሠራው፣ እኔ ሰው ቤት ተሠርቶ ቆሞ እንጂ ሲሠራ አይቼው የማላውቀው ጎታ። የታችኛው ዙር ጠንከር ብሏል፣ የላዩ ገና ያብረቀርቃል። ከጎኑ ባልዲ ሙሉ የተቦካ እበት አለ። ባልዲው ውስጥ እጩ ይርመሰመሳል፤ እኔ ሠሌዳ ላይ ከምስለው በጣም ይወፍራል።

“እማዬ!” አለ ባለቤቴ። “ጎታ? በነሐሴ? ጎታ በበጋ ነው የሚሠራው ስትይ አይደል እንዴ ያሳደግሽኝ?”

“በበጋማ ማንም ይሠራዋል” አሉ። “ዝናቡ እንዲህ እልኸኛ ይሆናል ብየ መች አሰብሁ።”

“ደግሞ ለምን አስፈለገ? እህሉ በማዳበሪያ አለ አይደለም ወይ?”

“እሱን አይቸ ነዋ! ጤፍ የሚያህል ነገር በማዳበሪያ አንገቱ ታንቆ፣ ጥግ ላይ እንደ ሌባ ቁሞ ሳየው አንጀቴን በላኝ።”

“እማዬ፣ እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ገበሬውን ጎታ ተዉ እያልኩ ነው የምለምነው!”

“ለገበሬው ንገረዋ” አሉት። “እኔ እንደሁ አሁን የከተማ ሰው ነኝ።”

ባለቤቴ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ዝንብ ሊገባበት ስለነበር ቶሎ ዘጋው። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ይውጣ አለ። እኔ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይዘን፣ የታችኛውን ድንጋይ እየገፋን፣ ቀስ እያልን እስከ በሩ አደረስነው። በሩ ላይ ቆመ። በጎን ሞከርነው፣ ቆመ። ዘወር አደረግነው፣ ያው ነው። ሆዱ ከሁለቱ መቃኖች በአራት ጣት ይሰፋል።

“ወይ ጉድ!” አሉ አማቴ። “አይወጣም እንዴ?”

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎታ ሲሠሩ ለኖሩ ሴት መገረማቸው ትንሽ በዛ። ያኔ ወገባቸውን አየሁ፣ መቀነቱን አየሁ፣ በሩን አየሁ። ያን ቀን የለኩት ለሳጥናቸው አልነበረም።

“ሰብረን እናውጣዋ” አለ ባለቤቴ። “ዶማው የት ነው ያለው?”

አማቴ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ነጠላቸውን ሰበሰቡና ትንሽ ሆኑ፤ ልክ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደሚሆኑት።

“ማንም አይነካውም” አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ የሚረብሹ ተማሪዎችን ዝም የማሰኝበት ድምፅ ሆነ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እናቱ ምን እንዳደረጉ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም። ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ዝንብ ወርሮኛል፣ እጄ እበት በእበት ሆኗል፣ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የባልዲውን እበት ከነእጩ ጓሮ ቆፍረን ቀበርነው። ቀዳዳዋ ላይ ወንፊት ሽቦ መታንባት። በሩን ዘግተን ውስጥ ከሰል አነደድን፣ ጎታውም ላብ እያላበው ቀስ በቀስ ደረቀ። አንድ ጎኑ ተሰነጠቀ፤ አማቴ ዝናቡን እየተራገሙ ለጠፉት፤ በሳቸው ዘንድ ለሁሉም ጥፋተኛው ዝናቡ ብቻ ነው። ለጎረቤታችን ሙከራው ተሳክቷል አልኳት። ዝንቦቹ ሳሱ፣ ጾሙም ተፈታ፤ ሥጋ ቤታችን በገባበት ሰሞን አንድ ዝንብ እንኳ ዝር አላለም፤ ሥርዓት የሚባል ነገር አያውቁም።

ዝናቡ ሲያቆም ጎታው ተጠናቀቀ፤ ጤፋችንም ከማዳበሪያው ተፈትቶ ገባበት። ባለቤቴ ይህን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዳልነግርበት እስካሁን ይለምነኛል።

መስቀል ሲቃረብ መንገዱ ደረቀ፣ አውቶቡሱም ወደ ይጁቤ እንደ ልቡ መመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ ቀርበን ባለቤቴ፣ “እማዬ፣ ለመስቀል እገባለሁ ብለሽ አልነበር? መቼ ልውሰድሽ?” አላቸው። የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። አማቴ ወንበራቸው መሀል ላይ ነበር የተቀመጡት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልብ ሳልለው።

“ጎታው በበሩ የወጣ ዕለት” አሉትና፣ ሳያስፈቅዱኝ እጃቸውን ዘርግተው ከድስቱ ወጥ ጨለፉ።