መጀመሪያ የሳቀው ሰው

በሩ ሲከፈት ክፍሏን አየሁና ሳቄን ዋጥኩት። አንዱ ሲያዛጋ የሌላው አፍ ግድ የሚዘጋባት ጠባብ ክፍል ነበረች። አራት ጣት የማትሞላ መስኮት፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች በምስማር የጫሯቸው መስመሮች። የእርጥብ ብርድ ልብስና የዳጣ በርበሬ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ያዘኝ። ፖሊሱ ከኋላዬ፣ "ግባ፣ ኮሜዲያን!" አለና ቆለፈ።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም መጀመሪያ ያዩት ጃኬቴን ነው። አልተቀደደም። ፊቴም አላበጠም። እስር ቤት ውስጥ ሙሉ ጃኬት ለብሶ እንደ መግባት የሚያስጠረጥር ነገር የለም።

ያሳሰረኝ ፊልም ነው። በሥራ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ እዚሁ ሶዶ፣ አንዲት ፊልም ቤት ውስጥ ማይክ ይዤ የውጭ ፊልም እተረጉማለሁ። መተርጎም ካሉት ነው። ተዋናዩ በእንግሊዝኛ "ደህና አደርክ?" ካለ፣ እኔ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቶቹንም ጨምሬ እጠይቃለሁ። ሰው የሚመጣው ለጭማሪው ነው።

የዚያ እሁድ ፊልም ስለ አንድ ተራራና ከሥሩ ስላለች ከተማ ነበር። ተራራው ይሰነጠቃል። አንድ ንብ አናቢ ያየውና እየሮጠ ወርዶ ለሹማምንቱ ይናገራል። ሹማምንቱ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴው ሕዝቡን ለማውጣት አይደለም፤ ለስንጥቁ ስም ለማውጣት ነው። "ስንጥቅ" የሚለው ቃል ኅብረተሰቡን ያውካል ተባለ። ከሦስት ቀን ስብሰባ በኋላ "የተራራው ፈገግታ" ብለው ሰየሙት። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ ፈገግታው ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ባነር ሰቀሉበት።

ጥፋቴን አልክድም። ተራራውን በሶዶ ራስጌ ባለው በእኛው ተራራ ስም "ዳሞታ" አልኩት። ለኮሚቴው ሻይና ብስኩት አስመጣሁለት፤ ሰብሳቢውንም "ከሁሉ በፊት የመጣችሁበትን አበል እንነጋገር" አስባልኩት።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሳቅ ተነሳ። ባትሪው የደከመ ባጃጅ ይመስላል፤ ኸር፣ ኸር፣ ኸር ብሎ ሦስት ጊዜ ይሞክርና አራተኛው ላይ ይነሳል። ይህን ሳቅ ሶዶ ውስጥ የማያውቅ የለም። የአንዲት መምህርት ነው፤ የመንግሥት ደመወዝ የምትበላ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። እሷን ተከትሎ አዳራሹ ፈረሰ። አንዳንዱ ደግሞ ዳሞታ ደህና መሆኑን ሊያረጋግጥ ወጣ። ዳሞታ ያን ቀን ደመና ለብሶ አልታይ አለ፤ ነገሩ የባሰው በዚህ ነው። ሳቁ አዳራሹ ውስጥ ቀረ፤ ፍርሃቱ ግን በሚኒባስ ተሳፍሮ ቤሌ ከተማ ገባ። ገና ፊልሙ ሳያልቅ ከቤሌ "ዳሞታ ተሰነጠቀ ወይ?" እያሉ ስልክ ይደውሉ ጀመር። ማይኩን ከእጄ የተቀበለኝ ፖሊስ ነው። መጨረሻውን አላየሁትም።

"ሻማ አለህ?" አለኝ የክፍሉ ካቦ። አዲስ ገቢ የሻማ ብሎ ለክፍሉ አንድ ነገር ያዋጣል፤ ደንቡ ነው። ካቦው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ጥያቄ በመጠየቁ የታሰረ የታሪክ መምህር ነበር።

"ኪሴን በር ላይ ገለበጡት፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው የታሰርክበትን ፊልም ንገረን። በእሱ እናበራለን።"

ነገርኳቸው። ጃኬቴን ባነር አድርጌ መስኮቷ ላይ ሰቀልኩት። የበዴሳው እህል ነጋዴ፣ ሰልፍ በስልኩ ቀርፆ የገባው፣ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፤ መንከባለያ ቦታ ስላልነበረ የተንከባለለው በእኛ ላይ ነው። "ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ተው! ልትገድለኝ ነው!" ይላል። ከበሩ ውጭ ዘበኛውም ሲስቅ ሰማነው።

ሦስተኛው ሰውዬ ግን ፈገግ እንኳ አላለም። ንጹሕ ነጭ ካልሲ አድርጓል። እኛ ሦስታችን ከጭቃ የተሠራን ስንመስል የእሱ ካልሲ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ለምን እንደታሰረ ካቦውም አያውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ካቦው ቀስ ብሎ፣ "ለመሆኑ መጀመሪያ የሳቀው ማነው?" አለኝ።

ነጋዴው ቀበል አድርጎ፣ "አዎ፣ ኢሻ፣ እሱ ሰው ጀግና ነች!" አለ፤ አማርኛው ወንድና ሴት ይቀላቅላል።

ባለ ካልሲው በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "ስንተኛ ረድፍ?"

 ሦስቱንም በየተራ አየኋቸው። ሦስቱም ያዩኛል። እነሱ ጃኬቴን ይጠረጥራሉ፣ እኔ ካልሲውን፣ የካቦውን ጥያቄና የነጋዴውን ደግነት።

"ዳሞታ ራሱ ነው የሳቀው" አልኩ። "ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ እንደሚስቅ ሽማግሌ፣ ደመናውን አፉ ላይ አድርጎ።"

ነጋዴው እንደገና ሳቀ። ወሬው በዚያ አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት ቀረብኩ። ጠረጴዛው ላይ ሻይና ብስኩት ነበረ፤ እውነቴን ነው፣ ይህኛውን እኔ አልጨመርኩም።

"ፊልሙ ላይ ያለው ሰብሳቢ ማንን ለማለት ነው?" አለኝ።

"እኔ አላወቅሁትም፣ ጌታዬ። እርስዎ ማንን መሰለዎት?"

ተነስቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። መልሱን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

"አንተን አንፈልግህም" አለኝ በመጨረሻ። "አንተ ቀልደኛ ነህ፤ ሕዝቡ ያውቅሃል። ሳቁን ጀምሮ ሕዝቡን ያነሳሳው ሰው ግን አለ።" አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ቃሌ ተጽፏል፤ አንድ መስመር ብቻ ባዶ ቀርቷል። "መጀመሪያ የሳቀውን ጻፍና ምሳህን ቤትህ ብላ። ሚስትህ ከንጋት ጀምሮ ምግብ ይዛ በር ላይ ቆማለች።"

እስክሪብቶውን አልነካሁም። እሱ ግን ብስኩቱን እየቆረሰ፣ "ደግሞ ዳሞታ ደመናውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ እንዳትለኝ" አለ።

ሳቄ ጠፋ። ያን ነገር የተናገርኩት በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ካቦው ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ ቆይቷል። ነጋዴው ስለ ስልኩ ፈርም ተብሎ ተጠርቷል። ባለ ካልሲው ባለ ካልሲ ነው። ዘበኛውም በር ላይ ነበር።

በሩ ላይ የቆመችውን ሚስቴን አሰብኩ። ከዚያ የመምህርቷን የባጃጅ ሳቅ አሰብኩ፤ ኸር፣ ኸር፣ ኸር። እስክሪብቶውን አነሳሁና ባዶው መስመር ላይ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ፣ ለሠርግ ካርድ በምጽፍበት በዚያ በሚያምር እጄ ጻፍኩ።

አነበበው። "አንተ መቼ ሳቅህ? ተርጓሚ አይስቅም!"

"ወጥ ሠሪ ሳይቀምስ አያቀርብም፣ ጌታዬ። ቀድሜ እኔ ነኝ የሳቅሁት፤ እነሱ የሳቁት በትርፍራፊው ነው።"

ወረቀቱን አጠፈና በሩን ከፈተ። "መልሱት" አለ።

የምሳው ሰሃን ከእኔ ጋር ገባ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፤ ዳጣው የሚስቴ ነው፣ ከሩቅ ያስነጥሳል። የቤት ምግብ ሲገባ መሬት ላይ መሐል ተቀምጦ ሁሉም እኩል ይቆርሳል፤ ይህም ደንብ ነው። አሰብኩበት። ከእነዚህ አንዱ ነገሬን ተሸክሞ ወጥቷል። ወይም ማንም አልተሸከመውም፣ ነገሩ የወጣው በበሩ ቀዳዳ ነው። ለብቻዬ ብበላ ማን ምን ይለኛል?

ሰሃኑን መሐል አስቀመጥኩት። እጅ የሰነዘረ የለም። ሦስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ያልተፈታሁት ለምን እንደሆነ እየገመቱ ይመስለኛል።

"ብሉ እንጂ!" አልኳቸው። "መጀመሪያ የበላው ሰው አይመዘገብም።"

እጁን ቀድሞ የሰደደው ባለ ካልሲው ነበር። ዳጣው አነቀውና ሳለ፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። ጀርባውን መታሁለት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አብረን በላን። አንድ ቀንም ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሌሊት ሌሊት ግን ዓይኔን ጨፍኜ የሁሉንም ትንፋሽ አዳምጥ ነበር። ዋስ ተጠርቶ ተለቀቅሁ፤ ክሱ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሰው መስታወት አይቶ ፊቱን ይታጠባል ሲባል ነው የማውቀው። መስታወቱ ሲታሰር ያየሁት ያኔ ነው።

አሁንም እሁድ እሁድ እተረጉማለሁ። መምህርቷ ለብዙ ጊዜ እየመጣች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብትቀመጥም አልሳቀችም። አስቂኙ ቦታ ሲደርስ መዳፏን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ምን እንደሰማች አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

አንድ እሁድ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ሊወስድ ሲል ሹማምንቱ ድልድዩን ለማስመረቅ ሪባን የሚቆርጥ መቀስ የሚፈልጉበት ፊልም ነበር። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ካልሲ አየሁ። ፊቱን አላየሁም። ነጭ ካልሲ የሚያደርግ ሰው ሶዶ ውስጥ ብዙ ነው፤ ለራሴ እንዲህ አልኩ።

መቀሱ ጠፋ የተባለበት ቦታ ሲደርስ ማን እንደሳቀ እንዳላይ ወንበሬን አዞርኩ። ለተመልካቹ ጀርባዬን ሰጠሁ፣ ማይኩን አፌ ላይ ለጠፍኩና ከሁሉ በፊት እኔ ሳቅሁ፤ ድምፅ ማጉያው እስኪጮህ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ።

ከኋላዬ፣ ከሦስተኛው ረድፍ አካባቢ፣ ኸር፣ ኸር፣ ኸር የሚል ሰማሁ። አራተኛው ላይ ተነሳች። ዞር ብዬ አላየሁም።