የአባ ገብረ መድህን ግዝት

አባቴ ወልደጻድቅ በአሰላ ገበያ በጨዋነቱ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነበር። ጨዋነቱ ግን እኛን ቤተሰቦቹን ፈጀን። ሰው ደጃፍ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ለሽማግሌም፣ ለልጅም፣ ወንፊት ልትዋስ ለመጣች ጎረቤትም። እንግዳው «በእግዜር» ብሎ ካልተቀመጠ እሱም አይቀመጥም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እናቴ አባይነሽ ትቆጣለች፣ እሱ ቆሟል።

በአምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት መኸር ላይ በቅሎውን ጭኖ ወደ አቦምሳ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። አጥንቱ የተሰበረ ይመስል ያቃስታል፤ ገላው ላይም ሽፍታ ወጣ። ወባ ነው ብለን ኪኒን ብናስውጠውም ትኩሳቱ ፍንክች አላለም። በኋላ በራሱ ጊዜ ለቀቀውና «ዳንኩ» አለ። የምን መዳን! ከአልጋ እስከ በር ሲሄድ ያለከልካል፣ እግሩ አብጧል።

የክሊኒኩ ድሬሰር ፈቃደ መጥቶ ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠ። ትኩሳቱ ልቡን ነክቶት እንደሄደ፣ መድኃኒቱ ተኝቶ ማረፍ እንደሆነ፣ ብድግ ቁጭ ካለ ግን ልቡ ቀጥ ሊል እንደሚችል ነገረን። አባቴ አመሰገነና ሊሸኘው ተነሳ።

ምን ይሻላል እንግዲህ? ይባስ ብሎ አገሩ በሙሉ ሊጠይቀው ጎረፈ። እናቴ በር ላይ ቆማ ብትለምን «እኛ ባዳ ነን እንዴ፣ አትነሳ እንለዋለን» እያሉ ይገባሉ፤ እሱ ይነሳል። የአቦምሳው ወዳጁ ሁሴኖ የመጣ ቀን ሊያቅፈው ብድግ ሲል ክንዱ ላይ ወደቀ። ሁሴኖ በድንጋጤ፣ እናቴ በንዴት አለቀሱ። በማግስቱ ሱሪውን ደበቀችበት። ብርድ ልብስ አገልድሞ ተነሳ።

በዚህ መሀል የንስሐ አባታችን አባ ገብረ መድህን መጡ። አባቴ ብርድ ልብሱን ሰብስቦ እግሩን ከአልጋ ሲያወርድ እናቴ ሄዳ ጭኑ ላይ ተቀመጠች፤ በቄስ ፊት።

«አባ፣ ለእርስዎ ሲነሳ ቢሞትብኝ ኃጢአቱ የማን ነው?» አለቻቸው።

አባ መስቀላቸውን አወጡ።

«ወልደጻድቅ፣ እኔው ራሴ እስክፈታህ ድረስ ለማንም እንዳትነሳ ገዝቼሃለሁ።»

የሚስቱን ልመና፣ የሐኪም ትእዛዝ ያልሰማ ሰው ግዝት ሰማ። ጠያቂ ሲገባ በኀፍረት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል እንጂ አይንቀሳቀስም። ቀስ በቀስ እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሹም ተመለሰ። ከፋሲካ በኋላ ፈቃደ ልቡን አዳምጦ በደንብ አገግመሃል፣ ወደ ሥራህ ተመለስ አለው። አባቴ እንዲፈቱት አባን ሊያስጠራ ሲል፣ እሳቸው በዚያው ሳምንት ታመው አረፉ።

ሌላ ቄስ ይፍታህ ብንለው የገዘተኝ ካልፈታኝ ብሎ ድርቅ አለ። እንዲህ ያለ ሰው አያናድድም?

የአባ ቀብር ላይ ከለቀስተኛው ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጠን ነበር። አስከሬኑ ሲመጣ ሕዝቡ በሙሉ ብድግ አለ። አባቴ አልተነሳም። ከኋላችን አንዱ «ምን ያለው ባለጌ ነው» ሲል ሰማሁ። አባቴ ሣሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ፣ አስከሬኑ በፊቱ ሲያልፍ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እናቴ ከሰው ጋር ቆማ ነበር። አየችውና አጠገቡ ተቀመጠች።