የጠረጴዛው አለቃ ጾም

የተማርኩበት ትምህርት ቤት እንግሊዞች ለሰፋሪዎቻቸው ልጆች የሠሩት ነው። ኬንያ ነጻ ስትወጣ ለሁሉም ተከፈተ፤ ዛሬ ተማሪው ከመብዛቱ የተነሳ በጠዋት ሰልፍ ላይ የኋለኛው ረድፍ የርእሰ መምህሩን ድምፅ አይሰማም። ከነጮቹ ዘመን ሳይነካ የቀረው የመመገቢያ አዳራሹ ነው፤ ግራጫ የድንጋይ ግንብ፣ ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳው ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፉ የቀድሞ አለቆች ስሞች። በየጠረጴዛው ራስጌ አንድ የፎርም ፎር፣ ማለትም የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ይቀመጣል። ድስቱ የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ ጭልፋውም የእሱ ነው። ከላይ የተንሳፈፈውን ቅባት ለራሱና ለእኩዮቹ ይቀዳል፤ የተረፈው ቀጭን መረቅ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ወደ አዲስ ገቢዎቹ ፎርም ዋኖች ይወርዳል። ለምን ብሎ ለጠየቀ መልሱ አንድ ነው፦ «ትራዲሽን ነው።»

አዳሪ ሆኜ የገባሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር። እናቴ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። ስትሸኘኝ «ጾምህን እንዳትሽር» ከማለት በቀር ሌላ ምክር አልሰጠችኝም። መጾሙ አላስቸገረኝም፤ አብዛኛውን ቀን የምንበላው ጊዘሪ፣ ማለትም በቆሎና ባቄላ ተቀላቅሎ የተቀቀለ ነው። ጣጣው ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ከሥጋ ጋር ሲመጣ ነበር። ጾሙ እንደገባ፣ በመጀመሪያው ማክሰኞ ሳህኔን በእጄ ከደንኩና ለጠረጴዛችን አለቃ «ይቅርብኝ፣ ጾም ይዣለሁ» አልኩት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

«ፋዘር!» ብሎ ጮኸ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። «በል ተነስና ባርክልን!»

ተነስቼ ባረክሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ፋዘር ሆነ። ለቡራኬው እንዲመቸው ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ የእኔ ድርሻ ሥጋም እሱ ሳህን ላይ ያርፍ ጀመር። አበላሉን ዛሬም እንደ ትናንት አየዋለሁ። አጥንቱን መጀመሪያ በጎን በኩል ይግጠዋል፤ ከዚያ በጠረጴዛው ጠርዝ መትቶ መቅኒውን ይመጥጣል፤ በመጨረሻ ጣቶቹን በሹራቤ እጅጌ ይጠርጋል። ሁልጊዜ በግራው እጅጌ።

ፋሲካን ቤቴ አሳልፌ ለሁለተኛው ተርም ተመለስኩ። ማክሰኞ ዕለት ሳህኔን ዘረጋሁ።

«ጾሙ አልቋል» አልኩት።

«ማን ነው ያለው?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ጭልፋ ነው ያለው። የምትፈስከው እኔ ስል ነው።»

«እሺ መቼ ትላለህ?»

«ፋዘር ቸኮለ!»

አላለም። ትምህርቱን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሥጋ አልቀመስኩም። አልተናገርኩም፤ ለመምህር የተናገረ ልጅ ፍራሹ ላይ ውሃ ሲደፋበት አይቻለሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ «ምነው ከሳህ፣ ሥጋ አይሰጧችሁም?» አለችኝ። «ይሰጡናል» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

የወሰደብኝ ሥጋውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። እሱ ግን ጾሙን ወሰደብኝ። በገዛ ፈቃዴ የተውኩትን ነገር የእሱ ትእዛዝ አደረገው። ከዚያ በኋላ በጾምኩ ቁጥር የሚመጣብኝ እግዚአብሔር ሳይሆን የዚያ ሰው ጭልፋ ነው። ይህን ይቅር አላልኩም፤ ለማለትም አልሞከርኩም።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንኳ ራሴን ያስተማርኩት ምግብ ቤታችን ውስጥ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው። ከእናቴ ጋር እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱን ክራቫት ያሰሩ አራት ሰዎች ገቡ። ስለ ቀድሞ ተማሪዎች ግብዣ ሊመክሩ ነው የመጡት። አንደኛው እሱ ነበር። ወፍሯል። አላወቀኝም።

ሜኑውን ሳይገልጥ ለሁሉም አዘዘ፦ «ሥጋ በሥጋ አድርገው፣ ቦስ። ቅጠል እንዳታመጣብን።»

እናቴ ጓሮ ስለነበረች ትሪውን ራሴ አሰናዳሁ። በሦስቱ በኩል ክትፎና ጥብስ፣ በአራተኛው በኩል ጎመን፣ ምስርና ሽሮ አደረግሁ። ሳስቀምጠው አራተኛውን ወገን ወደ እሱ አዞርኩትና «በእኛ ባህል ሰው የሚበላው ከፊቱ ነው፤ ሌላው ፊት እጅ መስደድ ነውር ነው» አልኳቸው። ወደዱት። እጁን ወደ ክትፎው ሲዘረጋ ጓደኛው እጁን መታው፤ «ወንድሜ፣ የሰው ባህል አክብር እንጂ!»

መጀመሪያ እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ጠራኝ። «ቦስ፣ የእኔ ሥጋ የታለ?»

«እርስዎ ጾም ይዘዋል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ተነስተው ይባርኩልን እንጂ፣ ፋዘር።»

ፊቴን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግራው እጅጌዬ ወረደ። ጓደኞቹ ነገሩ ሳይገባቸው «ፋዘር! ፋዘር!» እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድቡ ጀመር።

«ልጆች ነበርን እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትራዲሽን ነበር።»

«ይሄም ትራዲሽን ነው።»

«በቃ ተው። ሌላ ሳህን አምጣልኝ።»

«የምትፈስከው እኔ ስል ነው» አልኩት።

በዚህ መሃል እናቴ ደንበኞቿን ሰላም ልትል ወጣች። ትሪውን አየች። «ምንድን ነው ይሄ? ይሄ ልጅ ጾመኛ ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«አዎ፣ ጾም ይዟል።»

«ታዲያ ጾመኛን ከሥጋ ጋር አንድ ትሪ ላይ ታስቀምጠዋለህ? አታፍርም?»

ክንዱን ይዛ አስነሳችውና ለብቻው ጥግ ካለው ጠረጴዛ አስቀመጠችው፤ ሙሉ የጾም በያይነቱም በራሷ እጅ አመጣችለት። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ጾምህን ይቀበልልህ» አለችው።

«ምን አለችኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። እናቴ አጠገቡ ቆማ በፈገግታ እስኪጎርስ ትጠብቅ ነበር። ጎረሰ።

ሽሮው ሲያልቅ ጨመርኩለት። እንደገና መጥቶ አያውቅም። ከመጣ ግን ይወቀው፤ እስካሁን ፍሰክ አላልኩትም።