ባለ ጥጥ ጺሟ ተፈታኝ

ጓደኞቿ «ጨው» ይሏታል፤ የሌለችበት ነገር የለማ! የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ድራማ ክበብ አለች፣ ደም ልገሳ ክበብ አለች፣ መኝታ ክፍላቸው ልደት ካለም ፊኛ የምትነፋው እሷው ናት። ደብተር የምትገልጠው ምሳ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው። እናቷ በስልክ «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ስትላት፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ ሦስተኛው ላይ ነኝ» ብላ ትስቃለች።

ጉድ ፈላና የደም ግፊት ልኬት ፈተናውና ድራማው አንድ ቀን ዋሉ። ፈተናውን የወደቀ ዓመት ይደግማል፤ በድራማው ደግሞ ሽማግሌውን የምትጫወተው እሷ ናት። ምን ታድርግ? የጥጥ ጺሟን ለጥፋ ፈተና ተሰለፈች።

ተፈታኙ ሁሉ በየተራ የሚለካው የግቢውን ዘበኛ ነበር። ጨርሶ የሚወጣው ሁሉ ለሰልፈኛው «መልሱ መቶ ሃያ በሰማንያ ነው» እያለ ያንሾካሹካል። ወይ ጉድ! የሰው ክንድም መልሱ ይሰረቃል? ጨው ግን እፎይ አለች፤ አላጠናችማ።

ስትገባ ዘበኛው ጺሟን አይተው «ልጄ፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብለው ሳቁ። ፈታኟ መምህርት ግን አልሳቁም።

ጨው የዘበኛውን ክንድ በመለኪያው አስራ ነፋች፤ አየሩን ቀስ ብላ እየለቀቀች አዳመጠች። መቶ ስልሳ በመቶ! ይሄማ ከፍተኛ ግፊት ነው። ሠላሳ ሰው መቶ ሃያ ያለውን እሷ ማን ናትና?

የድራማ ክበቡ ሊቀመንበር በበሩ አንገቱን አስግጎ «አዳራሹ ሞልቷል፣ ነይ እንጂ!» አላት።

«ቆይ!» አለችው። «አባባ፣ ትንሽ ይረፉና ደግሜ ልለካዎት።»

ደገመችው፤ ያው ነው። ዓመት መድገሙ ታያት፤ ቢሆንም የሰማችውን ጻፈች።

መምህርቷ ወረቀቱን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። ማዳመጫውን ቀምተው ራሳቸው ለኩ። ከዚያ በሩን ከፍተው «ሠላሳችሁም ፈተናውን ነገ ትደግማላችሁ!» ብለው ጮኹ። ወደ ጨው ዞረው ደግሞ «አንቺ አልፈሻል፤ በይ ሩጪ» አሏት።

ደስታዋ እልል ሊያሰኛት ምንም አልቀረውም። ግን አልሮጠችም፤ ዘበኛውን አስከትላ ክሊኒክ ገባች። ድራማው? ሃያ ደቂቃ ዘገየ፤ ምን ይጠበስ!

ዘበኛው መድኃኒታቸውን ይዘው ሲወጡ እጇን ጨበጡ። «ሠላሳው ደህና ነዎት ብለውኝ ነበር» አሉ። «አንቺ ግን ለካሽኝ።»