ክብደት ቀንሺ

የወፈርኩት ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። እኔ በምኖርበት ጭሮ ከተማ ውፍረት እንደ ነውር አይታይም። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሴቶች “ማሻአላህ፣ ተመችቶሻል!” ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ ከጭሮ ሂርና ከተማ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጓደኞቹ “ሚስትህን በደንብ ይዘሃታል” ሲሉት ደስ ይለዋል። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? ወገቤ ጠዋት ጠዋት መጠዝጠዝ ሲጀምር ልጅ ስለምሸከም ነው ብዬ አለፍኩት።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ድንገት ተነስቼ ጎንበስ ቀና እያልኩ ፋይል እፈልጋለሁ። አንድ ማክሰኞ ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ልስብ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ቀጭ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ፤ በእጄና በጉልበቴ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። በመስኮቱ በኩል አንድ ሽማግሌ ፋይላቸውን ይጠብቁ ነበር። አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

“ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?”

“አባባ፣ ወገቤን ያዘኝ። እባክዎ ሰው ይጥሩልኝ።”

“እሺ፣ እጠራለሁ” አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ “ፋይሉ ግን ተገኘ?”

ባልደረቦቼ ደግፈው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝና ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ወገቤን አልነካውም።

“ክብደት ቀንሺ።”

“እንዴት አድርጌ?”

“ምግብ ቀንሺ፣ ስፖርት ሥሪ።”

እኔን፣ ከአልጋ ለመውረድ ባሌን የምጠራውን ሴትዮ፣ ስፖርት ሥሪ ይለኛል! የሕመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። ሲያልቅ ተመለስኩ፤ ሌላ ሐኪም፣ ያው ቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ ገና በር ላይ ሲያዩኝ መልሱን ይዘው ይጠብቁኛል። ክኒኑ ጨጓራዬን አቃጠለው፤ ወገቤ ግን እንዳለ ነው።

እነሱ እንዳሉት ምግብ ቀነስኩ። ቁርስና ራት ተውኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ማታ ቤት ስገባ ልጆቹ የተዉትን ምግብ ጓዳ ተደብቄ እስክጠግብ በላሁ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ከበፊቱ ይልቅ ወፈርኩ። በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ከዚያ ባለቤቴ ሂርና ውስጥ አንዲት ወጌሻ እንዳሉ ሰማና ወሰደኝ። አሮጊቷ ወገቤን ቅቤ ቀብተው በክርናቸው ይደልቁት ጀመር። ስጮህ፣ “ቻይ ልጄ፤ ሥጋሽ ብዙ ነው፣ አጥንቱ አልገኝ አለኝ” አሉ። ስንመለስ ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ዐሥር ቀን ያህል ጎብጬ ከረምኩ። ጎንበስ ማለት ስለማልችል ጠዋት ካልሲ የሚያለብሰኝ ባለቤቴ ነበር። አንድ ቀን እግሬን ነጥቄ ጮህኩበት።

“ተወው! ባዶ እግሬን እሄዳለሁ!”

“ምን አጠፋሁ?” አለኝ፣ ካልሲውን እንደያዘ።

ምንም አላጠፋም። የምጮህበት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

በመጨረሻ ከሐኪም ቤት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ወደምትሰጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ ላኩኝ። ወገቤን በእጇ የነካች የመጀመሪያዋ የሕክምና ባለሙያ እሷ ናት። አስተኝታ ጫን ጫን እያደረገች መረመረችኝ፣ እግሬን አነሳች፣ አስቀምጣ አስነሳችኝ።

“ክብደቱ ብቻ አይደለም” አለችኝ። “ወገባቸውን የሚያማቸው ቀጫጭን ሰዎችም ብዙ አያለሁ። ግን ሆድ ወደ ፊት ሲከብድ ወገብን ይጎትተዋል፤ ጡንቻሽም ደክሟል። ሕመሙን ፈርተሽ መንቀሳቀስ ስትተዪ ደግሞ ይብስብሻል።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ለምን አልነገረኝም?” ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

“አላውቅም። እኔንም ያናድደኛል። ነይ ተኚ፣ ላሳይሽ።”

ሆዴንና ወገቤን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየችኝ። በቀን በአምስት ደቂቃ እርምጃ ጀምሪ፣ ቢሮ የምትደጋግሚውን ስኳር የበዛበት ሻይ ተዪ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር መራመድ ጀመርኩ። ባጃጆች እየቆሙ “እህቴ፣ ግቢ እንጂ” ይሉኛል። አንዲት ጎረቤቴ ደንግጣ ከኋላዬ እየሮጠች ደረሰችብኝ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ወዴት ነው?”

“የትም። ለወገቤ ብዬ ነው።”

ያበድኩ ይመስል በሐዘን አየችኝ።

በዓመቱ ልብሴ ሰፋኝ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ካልሲዬን ራሴ አደርጋለሁ። እፎይ ልል ስል አክስቴ በዕቃ ቅቤ ይዘው መጡ።

“ባልሽ ያስርብሻል እንዴ?”

“ኧረ አክስቴ፣ ወገቤ እኮ ተሽሎኛል።”

“ወገብ ምን ያደርጋል፣ መልክሽ ጠፋ!”

ቅቤውን ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ? አለቃዬን ደግሞ የታችኛው መደርደሪያ ፋይል ወደ ላይ ይውጣልኝ፣ ደህና ወንበርም ይሰጠኝ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። “ይታያል” አሉኝ። እስካሁን እየታየ ነው፤ እኔም ከጀርባዬ የታጠፈ ሹራብ ደግፌ እሠራለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ሶላት የምሰግደው ወንበር ላይ ነበር። ባለፈው ዒድ ጠዋት ግን ከሴቶቹ ሰልፍ ገብቼ እንደ ሰው ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ሶላቱ ሲያልቅ ሁሉም ብድግ ሲል እኔ ወገቤን ይዞኝ ቀረሁ። ከጎኔ ያለች የማላውቃት ሴት እጇን ዘረጋችልኝ።

“ቆይ፣ ራሴ እነሳለሁ” አልኳት።

መጀመሪያ አንዱን ጉልበቴን፣ ከዚያ እጄን። ሰዉ በዙሪያዬ እየተሳሳመ ይበታተናል። ጊዜ ወሰደብኝ፤ ግን ተነሳሁ።