እናቷ የመለሰችላት ጥያቄ

ሸሚዝ ሰፊዋ ዛሬ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ስትወጣ ያየ ሰው፣ ልጅነቷን በወንድሟ ጀርባ ላይ እንደጨረሰች ቢነግሩት አያምንም። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ አብሯት ነው የተወለደው። ደሟ በየሥሩ እየታጎረ አጥንቷን ሲጠዘጥዛት፣ ታላቅ ወንድሟ ደብተሩን ለጓደኛው ሰጥቶ እሷን አዝሎ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ያመጣት ነበር። ቀላል ስለነበረች «ላባ» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

«ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ አንቺ ነሽ አይደል?» ይላታል። እሷም እያለቀሰች ትስቃለች።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ፎጣ በካውያ አሙቃ ጉልበቷ ላይ ታደርግላታለች። ዛሬም ካውያ ባነሳች ቁጥር የትኩስ ጨርቅ ሽታ ያን ዘመን ያስታውሳታል። ሕመሙንማ ማን ይናፍቃል፤ እነዚያን ሁለት ሰዎች አንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ማየት ግን ይናፍቃታል።

ሕመሙ ሲነሳ ላባ መናገር አትችልም ነበር። ስለዚህ ሐኪም ፊት መልስ ሰጪዋ እናቷ ሆነች። የት ነው የሚያማት? እናት ትመልሳለች። ከአስር ስንት ይሆናል? የልጇን ከንፈር አየት አድርጋ «ስምንት» ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅም። ልማድ ክፉ ነው፤ ላባ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ምንም ሳያማት ቁጭ ባለችበት ቀን እንኳ የምትመልስላት እናቷ ነበረች።

ወደ እሷ ተዛውሮ በሽታዋን ሊያድን የሚችለው የወንድሟ የአጥንት መቅኒ ከእሷ ጋር ገጠመ የተባለ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። አዲሱ መቅኒ ከመግባቱ በፊት አሮጌው በኃይለኛ መድኃኒት ይጠፋል፤ መድኃኒቱ ግን የመውለድንም ነገር ይዞት ሊሄድ ይችላል። አስቀድሞ እንቁላል አውጥቶ በቅዝቃዜ ማቆየት ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፣ መርፌውም ሕመሟን ሊቀሰቅስባት ይችላል።

«መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«አትፈልግም። እሷ ብቻ ትዳንልኝ» አለች እናት።

ሐኪሟ ላባን አየቻት። ላባ እንደ ልማዷ ዝም አለች። መልሱ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮሌታ ስትገጥም አእምሮዋ ሌላ ቦታ ነበር። በሙያዋ ጨርቅ ሳይለካ አይቆረጥም፤ አንዴ ከተቆረጠ ልቅሶ አያስረዝመውም። የራሷን ሕይወት ግን ሳትለካ ልታስቆርጥ ነው። ልጅ ትፈልጋለች። ጠይቋት የሚያውቅ ስላልነበረ እንጂ ከድሮም ትፈልግ ነበር። ወንድሟ እንዳዘላት እሷም የምታዝለው ሰው ያምራታል።

አንድ ማክሰኞ ለማንም ሳትነግር ብቻዋን ሄደች።

«ባለፈው የመለሰችው እማዬ ናት» አለቻት ሐኪሟን። «እኔ እፈልጋለሁ።»

እናቷ ስትሰማ ቆሽቷ አረረ። «ላላየሁት የልጅ ልጅ ብዬ ያለችኝን ልጅ አልሰጥም» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ያስታረቃቸው ወንድምየው ነው። «እማ፣ መቅኒው እኮ የእኔ ነው፤ የትም አይሄድም፤ ይጠብቃታል» አላት።

መርፌው እንደተፈራው ሕመሟን ቀሰቀሰው፤ ላባ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛች። እናቷ ከአጠገቧ ሳትነቃነቅ ሰነበተች፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ብዬሽ ነበር» አላለቻትም። ዘጠኝ እንቁላል ተቀመጠ። ከዚያ የወንድሟ መቅኒ ገባላት፤ ውሎ አድሮም ያ የአጥንት ሕመም ጠፋ። የወር አበባዋም አብሮ ጠፋ፤ አልተመለሰም።

ከዓመታት በኋላ አንድ የአውቶቡስ መካኒክ አገባች። መቅኒዋ ቢለወጥም እንቁላሎቹ በሽታውን የሚያወርሱ የድሮዋ ላባ ስለሆኑ፣ እሱ የበሽታው ተሸካሚ አለመሆኑ አስቀድሞ በምርመራ ተረጋገጠ። ከዘጠኙ ስምንቱ ሳይሆኑ ቀሩ። አንዷ ተወልዳ ስምንት ወሯን ይዛለች።

ባለፈው እሑድ ሕፃኗ አያቷ ደረት ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ላባ ለዓመታት የፈራችውን ጠየቀች።

«እማዬ፣ ያን ቀን መልሰው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

እናቷ የሕፃኗን ጭንቅላት ዳበሰች።

«አትፈልግም ነዋ የምለው» አለች። «ያን ቀን የሚታየኝ የአንቺ መሞት ብቻ ነበር። እንኳንም ሳትነግሪኝ ሄድሽ።»