ሳይቀየር የቀረው የምስጋና ገጽ

ከዚህ በፊት የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ የሰው ነው፤ አራት ዓመት የመምህራንን የማስተርስ ጥናት ስተይብ ኖሬአለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ብሳሳት እለፉኝ።

ሥራ የጀመርኩት ቅዳሜ ቀን ነው፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ጋሽ ከድር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት። ጋሽ ከድር አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ሰጡኝና ገልብጪ አሉኝ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ገለበጥኩት። አንድም ስህተት አላገኙበትም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ይሻላል። የሚያውቁት ከባለቤቱ ጋር ይከራከራሉ።»

አንድ ሕግ ነበራቸው። በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ባለቤቱ ሳይመረቅ አይጣልም። ስም ተጽፎበት ጆንያ ውስጥ ይቀመጣል።

ከእኛ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ አለ። መምህራን ሳምንቱን ሲያስተምሩ ከርመው ቅዳሜ እዚያ ይማራሉ። ከክፍል እንደወጡ እኛ ቤት ይሰለፋሉ፤ ሁሉም ይቸኩላል። አንዱማ የተየብኩትን በቀይ እስክሪብቶ አርመው ከአሥር ሰባት ሰጥተውኛል። ሰው ከኋላዬ ሲቆም እፈራለሁ፤ ሳልጠየቅ አልናገርም።

ቲቸር ስንታየሁ አያት አካባቢ አራተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ረቂቃቸውን የጻፉት በተማሪዎቻቸው አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ጥናቱ ስለምን እንደሆነ አንድ ቀን ራሳቸው ነገሩኝ፤ ልጆች አንደኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ ነው ያጠኑት። አንገቴን ደፍቼ መተየቤን ቀጠልኩ።

የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ደጋግመው ደወሉልኝ። እኔም ቸኮልኩ። የገጹ ጠርዝና ቁጥሩ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ከእሳቸው በፊት የጨረሱትን መምህር ፋይል ከፈትኩና ጽሑፉን እያጠፋሁ የእሳቸውን አስገባሁበት። ይህንን የማያደርግ ታይፒስት አላውቅም። የምስጋናውን ገጽ ቲቸር በኋላ እልካለሁ ብለውኝ ነበር። እሳቸውም ሳይልኩ፣ እኔም ሳላስታውሳቸው ቀረን። አምስት ቅጂ በጥቁር ሽፋን ጠርዤ ሰጠኋቸው።

ጥናታቸውን በሚያቀርቡበት ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ትርንጎ፣ ‹ውድ ሚስቴን አመሰግናለሁ› የሚል አለበት» አሉኝ።

የቀድሞው መምህር ምስጋና ሳይቀየር ቀርቷል። ጥናቱን የሚገመግሙት መርማሪዎች ሌላ ሰው ሠርቶ ሸጦላቸዋል ብለው ጠርጥረዋል። የራሳቸው መሆኑን ካላሳዩ የሦስት ዓመት ልፋታቸው ሊሰረዝ ነው።

ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ጆንያውን አውጥተው አሸከሙኝ። «ሂጂ። አፍሽ እንቢ ካለሽ ጆንያው ይናገራል።»

ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም፤ በእግሬ ሮጥኩ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ መታወቂያዬን አስያዝኩ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መርማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ቲቸር ስንታየሁ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰላምታ እንኳን ሳላቀርብ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የሌላ ሰው ፋይል ላይ ነው የተየብኩት» አልኩ።

ሰብሳቢው፣ ሽማግሌ ዶክተር፣ የፈተናውን ወረቀት እያገላበጡ የእጅ ጽሑፉን ከጥራዙ ጋር አስተያዩ።

«ስትተይቢ ‹ሚስቴ› የሚለውን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። እንግሊዝኛ አንብቤ አይገባኝም።»

«እስከ ስንተኛ ተማርሽ?»

«ስድስተኛ።»

«ለምን አቋረጥሽ?»

«ምክንያቱ እዚህ ጥናት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቲቸር ያውቁታል።»

ወደ ውጭ አስወጡኝ። ደረጃው ላይ መቀመጥ አቅቶኝ እዚያው እዞር ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቲቸር እያለቀሱ ወጡ። የወደቁ መሰለኝ፤ ግን አልፈዋል፤ ያቺን ገጽ ብቻ ቀይረው እንዲመልሱ ታዘዋል።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው ባዶ ገጽ እከፍታለሁ። ጠርዙን እንደገና መለካት ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ባለቤቱ ገጽ በገጽ ገልጦ ሳያይም አልጠርዝም።

ጥናቱን ባቀረቡ ማግስት ቲቸር ስንታየሁ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ምስጋናቸው ነው። ጥናቱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ይኼ ግን በአማርኛ ተጽፏል።

«ቲቸር፣ ተሳስተው እንዳይሆን» አልኳቸው።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በአማርኛ እንዲሆን አስፈቅጃለሁ። ይኼኛውን እያነበብሽ ጻፊው።»